በ«እና» የተጻፈች

በኔብራስካ ሜዳ፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት፣
ሦስተኛው መስኮት ላይ ቁጭ አልኩኝ ሃያ ዓመት።
ሥራዬ ስም ማዛወር፣ ታርጋ ማደል፣ ቦሎ፤
ሰው ሁሉ ይመጣል ወረቀት አንጠልጥሎ፣
«ቶሎ በለኝ» ብሎ።

ማክሰኞ፣ ምሳዬን ገና ሳልበላ፣
የልጅነት እኩያዬ ኦፓል ገባች፤ ከእሷም ኋላ
ቀጭን ወጣት፣ ኤሊሴዮ፣ ገዢው፣
ከቄራ የሌሊት ፈረቃ የወጣ፣ እንቅልፍ የተጫነው፣
ገንዘቡን በፖስታ ደረቱ ላይ የያዘው።
የኦርቪል ፒካፕ ደጅ ቆማለች፤ ሞተሯ አልጠፋም፤
በዚህ ብርድ ከጠፋች ዳግም አትነሳም።

ሊብሬውን አወጣች ከባዶ ስኳር ከረጢት፤
አራት ቦታ ታጥፏል፤ ጥጉ ላይ፣ በግራሶ፣ የአውራ ጣት
አሻራ አለበት።
በሻጭ መስመር ላይ ስሟ ሰፍሯል በጥቁር ቀለም፣
ሳይጣደፍ፣ ሳይንቀጠቀጥም።
«ማይሉን ሙይልኝ» ስላት
ቀና ሳትል ጻፈች፦ መቶ ሰማንያ ሁለት ሺህ ከአራት መቶ ሰባት።
«ወጥተሽ ሳታዪው?»
«ትናንት ማታ ጋራዥ ገብቼ ሳየው፣
ሳየው ነው ያመሸሁት፤
በቃሌ ያዝኩት።»

ያን ጊዜ ስሙን አየሁት። «ኦርቪል እና ኦፓል» ይላል።
በመንግሥት ቋንቋ፣ «ወይም» ከሆነ፣ አንዱ ፈርሞ ይሸጣል፤
«እና» ከሆነ
ያለ ሌላው ፊርማ የአንዱ ብቻ ባከነ።
ሁለት ፊደል ናት፤
እንዲህ አጥብቆ የሚይዝ ብሎን አላየሁም በዕድሜዬ ሙሉ፣ እውነት።

«ኦርቪልስ?» አልኩ። አፌ ቀደመኝ እንጂ አውቃለሁ፤
በኅዳር፣ ቀብሩ ላይ፣ ቆቤን አውልቄ ቆሜአለሁ።
ግን ቅጹ ይጠይቃል፤ እኔም እጠይቃለሁ።

ኦፓል ፈገግ አለች።
«መኪናዋን የገዛን ዕለት እዚህ ሌላ ሴት ነበረች፤
‹ወይም› በሉት፣ ይቀላል፣ አንዳችሁ ስትቀሩ፣ ብላ መከረች።
ኦርቪል ሳቀባት። ‹ወይም› አይደለንም አላት፣ ‹እና› ነን፤
እንዲያው ጻፊልን።
ይኸው፤ የእሱን ‹እና› እኔ ተሸክሜ ልዙር።»
ከዚያ ከካፖርቷ ኪስ፣ ማህተሙ ያልደበዘዘ፣ የሞት ምስክር
ወረቀቱን በመስኮቴ ሥር
አንሸራተተችው።
«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አላወጣሽው?»
«ሰው ሳይጠይቀኝ እንዳልሰጥ ብዬ ነው።»

መታሁ። የማህተም ድምፅ እንደ በር መሸጎሪያ ነው፤ ጠቅ።

ታርጋ በእኛ አገር የሰው ነው፤ ከመኪና ጋር አይሸጥም።
በመስታወቱ አየኋት፣ በረዶው ላይ ተንበርክካ፤ መፍቻ የላትም፣
በአሥር ሳንቲም ብሎን ታዞራለች። አንዱ እሺ አለ፤ ሁለተኛው ዝጎ
እምቢ አላት። ልጁ ጎኗ ቁጢጥ አለ፣ ስልኩን መብራት አድርጎ።
ብዙ ቆዩ።
ከዚያ እሱ በወረቀት ታርጋ፣ እሷ በእግሯ፣
ብረቱን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ አቀናች ወደ በሯ።

ማታ መሳቢያ ከፈትኩ። የእኛ ሊብሬ።
ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሕግ አዋቂው፣ ራሴን በራሴ መክሬ፦
«ጋይለን ወይም ኮሪን»።
ለሰው ሁሉ የማድለው ምክር፤ ሞት ሲመጣ ወረፋ እንዳያስጠብቀን።
ኮሪን ሳህን እያጠበች «ምን ጠፋህ?» አለች። «ምንም።»
ማረሚያው አሥር ዶላር ነው። ቅጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሞልቼው ግን አላውቅም።
ነገ፣ በምሳ ሰዓት፣
ዞሬ እሰለፋለሁ፣ ከመስታወቱ ማዶ፣ በራሴ መስኮት፤
ኮሪንንም ይዤ፤
ሁለት ፊርማ ያስፈልጋልና።